በበረዶ ላይ መኪና ስለ መንዳትና ስለ ጎማ ሰንሰለት

በቋንቋችን በረዶ የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። በክረምት ከነጎድጓድ ጋር እየጠጠረ የሚወርደውንም፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም፣ በብርድ አገሮች እንደ ባዘቶ ጥጥ እየተንሳፈፈ ወርዶ ምድሩን የሚያለብሰውንም ሁሉ በዚሁ በአንድ ስም እንጠራዋለን። በዚህ ጽሑፍ በረዶ ስል የባዘቶውን ዓይነት ማለቴ ነው፤ ቀልጦ እንደ ገና የጠጠረውንና እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጨውን ግን የረጋ በረዶ እለዋለሁ።

በአገራችን በራስ ደጀን ተራራ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ4500 ሜትር በሚበልጠው ከፍታ፣ ይህ የባዘቶ ዓይነት በረዶ አንዳንድ ጊዜ ይታያል። ነገር ግን መኪና የሚነዳበት ሥፍራ ስላልሆነ የአገራችን ሾፌር ስለ በረዶ እንዲያስብ የሚያስገድደው ነገር አልነበረም። ዛሬ ግን ከብዙዎቻችን ቤት ወንድም ወይም እኅት፣ አጎት ወይም አክስት ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ ኖርዌይና ወደ ስዊድን ሄደው መሪ ጨብጠው እንጀራቸውን የሚያገኙ አሉ። ስለዚህ በረዶ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ቀርቶ የቤታችን ጭንቀት ሆኗል።

የእኔ ታላቅ ወንድም በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ ይኖራል። ሥራውም በተራራ ጫፍ ላይ የተተከሉትን የቴሌፎን ማማዎች መጠገን ነው። እኛ ዘንድ በጋ በሚሆንባቸው ወራት እዚያ ብርድ ስለ ሆነ፣ ወደ ማማዎቹ የሚያደርሰው የጫካ መንገድ በበረዶ ይሸፈናል፤ ጠራጊም የለውም። ወንድሜ ጎማው በሰንሰለት በታሰረ መኪና በዚያ ላይ ይወጣል፤ ይወርዳልም። እናታችን በስልክ በተገናኙ ቁጥር «ልጄ፣ ሰንሰለቱን ይዘሃል ወይ?» ሳትል አትሰናበተውም። እኔም ሰንሰለቱ የሚሠራው ምን እንደ ሆነ፣ የማይሠራውስ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ፈልጌ፣ የፊዚክስ ትምህርታችንን ወንድሜ ከነገረኝ ጋር አስተባብሬ ይህን አዘጋጅቻለሁ።

ስለ ጎማና ስለ መሬት መያያዝ

ሞተር ምንም ያህል ብርቱ ቢሆን ብቻውን መኪናን አያስኬድም። ሞተሩ ጎማውን ያዞራል፤ ጎማው መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል፤ መሬቱም በተራው መኪናውን ወደ ፊት ይገፋዋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው አራቱ ጎማዎች መሬቱን በሚነኩባቸው አራት ሥፍራዎች ብቻ ነው። የእያንዳንዱም ሥፍራ ስፋት ከአንድ ሰው የጫማ ገጽ እምብዛም አይበልጥም። በእነዚህ ሥፍራዎች ላይ ያለው ሰበቃ፣ ማለት መፋተግ፣ ያነሰ እንደ ሆነ የሞተሩ ጉልበት ጎማውን በከንቱ ከማሽከርከር በቀር ሌላ ፍሬ የለውም።

የሰበቃውን መጠን በቁጥር ብንገልጸው በደረቅ አስፋልት ላይ 0.7 ያህል፣ በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ 0.2 ያህል፣ በረጋ በረዶ ላይ 0.1 ያህል ነው። ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪና እስኪቆም ድረስ የሚሄደውን ርቀት ለማወቅ የፍጥነቱን ካሬ በሰበቃው መጠንና በመሬት ስበት ብዜት እጥፍ ማካፈል ነው። እንግዲህ አንድ መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር፣ ማለት በሴኮንድ 11.1 ሜትር፣ ሲሄድ ፍሬን ቢያዝ በደረቅ አስፋልት ላይ በ9 ሜትር ይቆማል። በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ግን 31 ሜትር፣ በረጋ በረዶ ላይ 63 ሜትር ይሄዳል። ይህም ሾፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ የሚያልፈው ርቀት ሳይጨመር ነው። 63 ሜትር ከእግር ኳስ ሜዳ እኩሌታ ይበልጣል። ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምር ደግሞ ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ከዚህ ስሌት አንድ ትልቅ ነገር እንማራለን። አራቱም ጎማዎቹ በሞተር የሚዞሩለት መኪና በበረዶ ላይ ለመነሣትና ዳገት ለመውጣት ከሌላው ይበልጣል። ለመቆም ግን አይበልጥም፤ ፍሬን በሁሉም መኪና ላይ አራቱንም ጎማ ይይዛልና። እንዲህ ያለውን መኪና የያዘ ሾፌር ሲነሣ ያልተንሸራተተ፣ ሲቆምም የማይንሸራተት ሊመስለው ይችላል። ይህ አሳሳች ሐሳብ ከበረዶው ይልቅ አደገኛ ነው።

ማንም ተማሪ ይህን በቤቱ ሊፈትነው ይችላል። እኔ በአንድ ሰፊ ሳሕን ውሀ አርግቼ፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ በላዩ አስቀመጥሁ። ያ ቁራጭ በደረቅ ጠረጴዛ ላይ አንቆ የያዘ ሲሆን በረጋው በረዶ ላይ ግን በአንድ ጣት ግፊት ተንሸራተተ። በረዶው መቅለጥ ጀምሮ በላዩ ቀጭን ውሀ ሲታይ ደግሞ ይብሱን አዳለጠ። በመጨረሻ ሽቦ ብጠመጥምበትና ከላይ ድንጋይ ብጭንበት ሽቦው በረዶውን ነክሶ ያዘ። የጎማ ሰንሰለት ምሥጢርም ይኸው ነው።

ስለ መንከስና ስለ መንሳፈፍ

በረዶን ለማሸነፍ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው መንከስ ነው፤ ሁለተኛው መንሳፈፍ ነው። ሁለቱም የሚመነጩት ከአንድ ሕግ ነው፤ ይኸውም ግፊት ማለት ክብደት በስፋት ሲካፈል ነው የሚለው ነው።

ሰንሰለት በጎማ ላይ ሲታሰር የመኪናው ክብደት በጥቂት የብረት ቀለበቶች ላይ ይሰበሰባል። የሚነካው ስፋት ስለሚያንስ ግፊቱ ይበዛል፤ ብረቱም ወደ ተጠቀጠቀው ወይም ወደ ረጋው በረዶ ገብቶ ይነክሳል። በለስላሳና ጥልቅ በረዶ ላይ ግን ችግሩ ማዳለጥ ብቻ አይደለም፤ መስመጥም አለ። የመኪናው ሆድ በበረዶው ላይ ተቀምጦ ጎማዎቹ በአየር ላይ የቀሩ እንደ ሆነ ሰንሰለቱ የሚነክሰው ነገር አያገኝም። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ክብደቱን በሰፊው መበተን ነው። ግመል በአሸዋ ላይ ሳትሰምጥ የምትሄደው ጫማዋ ሰፊ ስለ ሆነ አይደለምን?

በቁጥር እንመልከተው። 2000 ኪሎ የሚመዝን መኪና በእያንዳንዱ ጎማ ላይ 500 ኪሎ ያርፍበታል። በጎማው ውስጥ ያለው አየር በካሬ ሴንቲ ሜትር 2 ኪሎ ቢሆን ጎማው መሬቱን የሚነካበት ስፋት 250 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አየሩ ተቀንሶ ግማሽ ኪሎ ቢደርስ ጎማው ተለጥጦ ስፋቱ እስከ 1000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሊጠጋ ይችላል፤ የጎማው ጎን ጠንካራ ስለ ሆነ ግን በእውነቱ ከዚህ ጥቂት ያንሳል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም ጫማው 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግፊቱ 0.35 ኪሎ ነው። በአይስላንድ የሚገኙት የበረዶ ሾፌሮች ቁመታቸው 38 ኢንችና ከዚያም በላይ በሆኑ ሰፋፊ ጎማዎች አየሩን እስከ 0.2 ኪሎ ድረስ ያወርዱታል። ስለዚህ ሰው በእግሩ ቢሄድ የሚሰምጥበትን በረዶ ያ ከባድ መኪና ሳይሰምጥ ያልፈዋል ማለት ነው።

እንግዲህ ከሁለቱ መንገዶች የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው በረዶው ነው። በረዶው ስስ ሆኖ ከሥሩ ጠንካራ መሬት ካለ ጠባብ ጎማ በረዶውን ሰንጥቆ መሬቱን ይይዛል። የተጠቀጠቀ ወይም የረጋ ከሆነ ሰንሰለት ይሻላል። ጥልቅና ለስላሳ ከሆነ ሰፊ ጎማና ዝቅተኛ አየር ይመረጣል። ነገር ግን አየሩ በጣም በወረደ ጎማ ላይ ሰንሰለት ማሰር መልካም አይደለም፤ ሰንሰለቱ ይላላል፤ የጎማውንም ጎን ይቆርጣል።

ስለ ሰንሰለት አስተሳሰር

የመጀመሪያዎቹ ሾፌሮች በጭቃና በበረዶ ላይ ሲቸገሩ በጎማቸው ላይ ገመድ ይጠመጥሙ ነበር። ሀሪ ዊድ የሚባል የኒው ዮርክ ሰው ይህን ወደ ብረት ለውጦ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አስመዘገበ። የዛሬውም ሰንሰለት ከዚያ እጅግ የራቀ አይደለም። በጎማው ውስጠኛና ውጭኛ ጎን ሁለት ረጃጅም ሰንሰለቶች ይዞራሉ፤ በመካከላቸው እንደ መሰላል ደረጃ ወይም እንደ መረብ ዓይን ሌሎች አጫጭር ሰንሰለቶች ይዘረጋሉ።

ሰንሰለት የሚታሰረው ሞተሩ በሚያዞራቸው ጎማዎች ላይ ነው። አራቱም የሚዞሩ ከሆነ አራቱንም ማሰር ይመረጣል። ሰንሰለቱ አንድ ጥንድ ብቻ ከሆነ ከመኪናው ጋር የተሰጠው መምሪያ መጽሐፍ የሚያዘውን መከተል ያስፈልጋል። የኋላው ብቻ ቢታሰር መሪው በረዶውን አልይዝ ይላል፤ የፊቱ ብቻ ቢታሰር ደግሞ በቁልቁለት ላይ የመኪናው ጅራት ወደ ጎን ሊሸሽ ይችላል።

ወንድሜ የነገረኝ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። ሰንሰለቱ መታሰር ያለበት ከመያዝ በፊት፣ በደልዳላ ሥፍራ፣ ከሌላ መኪና መንገድ ራቅ ብሎ ነው። ከተያዙ በኋላ ላስር ማለት ጎርፍ ከመጣ በኋላ ቦይ እንደ መቆፈር ይቆጠራል። በመጀመሪያ ሰንሰለቱ መሬት ላይ ተዘርግቶ የተጣመመው ይቃናል። ቀጥሎ የመንጠቆዎቹ ሹል ጫፍ ወደ ውጭ፣ ልስልሱ ወገን ወደ ጎማው ሆኖ በጎማው ላይ ይለበሳል። መኪናው በጥቂቱ ወደ ፊት ከሄደ በኋላ በመጀመሪያ የውስጠኛው፣ ቀጥሎ የውጭኛው መንጠቆ ይያዛል። ጥቂት ከተነዳ በኋላም ቆሞ እንደ ገና ማጥበቅ ግዴታ ነው፤ የላላ ሰንሰለት እየተወናጨፈ የፍሬኑን ቱቦ ሊበጥስ ይችላልና። ሰንሰለት ታስሮ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አይገባም። ባዶ አስፋልት ላይ ሲደረስም መፍታት ነው፤ አለዚያ ሰንሰለቱም መንገዱም ይበላሻል።

መንግሥታትም ይህን በሕግ ደንግገዋል። በካሊፎርኒያ በዶነር ማለፊያ በረዶ በበዛ ጊዜ ሦስት ደረጃ ያለው ትእዛዝ ይወጣል። በሁለተኛው ደረጃ አራቱም ጎማ የሚዞርለትና በአራቱም ላይ የበረዶ ጎማ ያለው መኪና ሰንሰለቱን ይዞ እንጂ ሳያስር እንዲያልፍ ይፈቀድለታል። በሦስተኛው ደረጃ ግን ማንም መኪና ሰንሰለት ሳያስር አያልፍም።

መኪናውን ስለ ማሻሻል

መኪናን ለበረዶ ማሻሻል አዲስ ነገር አይደለም። በ1908 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ሻክልተን ወደ አንታርክቲካ የወሰደው መኪና በለስላሳው በረዶ ላይ ከንቱ ሆኖ ቀረ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ግን የኤቨረስት ተራራ ጀግና ኤድመንድ ሂለሪ ሦስት የእርሻ ትራክተሮችን ይዞ በጥር 4 ቀን 1958 እ.ኤ.አ. ደቡብ ዋልታ ደረሰ። የእነዚያ ትራክተሮች ሞተር ከ30 የፈረስ ጉልበት አይበልጥም ነበር። ድል ያደረገው የሞተሩ ጉልበት ሳይሆን በጎማዎቹ ዙሪያ የተዘረጋው ሰፊ መሄጃ ነው። ይህም ማሻሻል የሚጀምረው ከሞተር ሳይሆን ከመሬት መሆኑን ያስረዳናል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የሚለወጠው ጎማው ነው። ተራው ጎማ ብርዱ ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ እየደረቀ ይሄዳል፤ የበረዶ ጎማ ግን ለስላሳነቱን ይጠብቃል፤ በገጹም ላይ በረዶውን የሚጨብጡ አያሌ ስንጥቆች አሉት።

ሁለተኛው የዲፈረንሲያል መቆለፊያ ነው። ዲፈረንሲያል መኪናው ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው ይልቅ እንዲፈጥን ይፈቅዳል። ነገር ግን አንዱ ጎማ በረጋ በረዶ ላይ የወደቀ እንደ ሆነ እርሱ በከንቱ ሲሽከረከር በደህናው መሬት ላይ ያለው ባልንጀራው ቆሞ ይቀራል። መቆለፊያው ሁለቱን በአንድነት ያዞራቸዋል።

ሦስተኛው መኪናውን ከፍ ማድረግ ነው። ይህ ሆዱ በበረዶ ላይ እንዳይቀመጥ ይረዳል። ሆኖም የክብደቱ መካከል አብሮ ከፍ ስለሚል በጎን ቁልቁለት ላይ የመገልበጥ አደጋ ይጨምራል።

አራተኛው ከጉዞው በፊት የሚደረገው ዝግጅት ነው። በራዲያተሩ ውስጥ ውሀና የማይረጋ ፈሳሽ እኩል በእኩል የተቀላቀሉ እንደ ሆነ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ አይረጋም። አካፋ፣ መጎተቻ ገመድ ወይም ዊንች፣ የአየር መንፊያ፣ ብርድ ልብስና ምግብ ከመኪናው ሊለዩ አይገባም። አየር የቀነሰ ሾፌር መልሶ የሚነፋበት ከሌለው ወደ አስፋልት ሊመለስ አይችልምና።

ስለ አነዳድ

በበረዶ ላይ የሚነዳ ሰው በጎማው ሥር እንቁላል እንዳለ አድርጎ ይንዳ። በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ቤንዚኑንም፣ ፍሬኑንም፣ መሪውንም በድንገት አይነካም። በቁልቁለት ፍሬኑን ከመርገጥ ይልቅ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዘው ያደርጋል። የመኪናው ጅራት ወደ ቀኝ የሸሸ እንደ ሆነ መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ የሸሸ እንደ ሆነ ወደ ግራ በመጠኑ ያዞራል፤ ዓይኑም ሊሄድበት ወደሚፈልገው ሥፍራ ይመለከታል።

መኪናው ከተያዘ ጎማውን በኃይል ማሽከርከር ጉድጓዱን ያጠልቀዋል፤ በረዶውንም አቅልጦ ወደ መስተዋት ይለውጠዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው። ወርዶ ከጎማዎቹ ፊትና ከሆዱ ሥር በረዶውን በአካፋ መጥረግ፣ አየር መቀነስ፣ ከዚያም በመጣበት ዱካ ወደ ኋላ መመለስ ይሻላል። እርዳታ የሚጠብቅ ሰውም ከመኪናው አይራቅ። ሞተሩን ለሙቀት የሚያስነሣ ከሆነ በቅድሚያ የጭስ ማውጫው በበረዶ አለመደፈኑን ይመልከት። ጭሱ ወደ ውስጥ የተመለሰ እንደ ሆነ ሽታ የሌለው መርዝ ተሳፋሪውን በእንቅልፉ ይገድለዋል።

ባለፈው ጥር ወንድሜና የሥራ ባልደረባው አራቱም ጎማ በሰንሰለት ታስሮ ወደ አንድ ማማ ይወጡ ነበር። ማማው በዓይን እየታየ፣ 300 ሜትር ያህል ሲቀራቸው ነፋሱ በረታ፤ ከኋላቸው ያለው ዱካቸውም በበረዶ ይሞላ ጀመር። መኪናው ገና አልተያዘም፤ ሰንሰለቱም ይነክስ ነበር። እነርሱ ግን አዙረው ተመለሱ። ማማው በሁለተኛው ቀን ተጠገነ፤ አለቃቸውም አኮረፈ፤ ከዚህ በቀር የደረሰ ጉዳት የለም። ወንድሜን «ሰንሰለቱ እየሠራ ለምን ተመለስህ?» ብዬ ብጠይቀው «ሰንሰለቱ ሊያወጣን ይችል ነበር፤ ማን ያወርደናል?» ብሎ መለሰልኝ።

በዚህ መልስ ውስጥ የትምህርቱ ሁሉ ፍሬ አለ። ያልተሻሻለ መኪና የሚያዘው ከመንገድ ዳር፣ ሰው ባለበት ነው። የተሻሻለው ግን የሚያዘው ርቆ ከሄደ በኋላ፣ ሰው በሌለበት ነው። ስለዚህ መሣሪያው በተጨመረ መጠን አስተውሎም አብሮ ካልተጨመረ መሣሪያው አደጋውን ወደ ሩቅ ሥፍራ ከመውሰድ በቀር የሚፈይደው የለም።

ስለ ምድሩም አንድ ነገር ልጨምር። በአይስላንድ ከመንገድ ወጥቶ ሜዳ ለሜዳ መንዳት በሕግ የተከለከለ ነው፤ የጎማ ዱካ በዚያ ብርዳም አገር ያለውን ሣርና ሽበት ሳያገግም ለብዙ ዘመን ያቆስለዋልና። የሚፈቀደው ምድሩ ረግቶ በበረዶ በተሸፈነ ጊዜና በግግር በረዶ ላይ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ዱካውም አብሮ ይጠፋል።

ከዚህ ሁሉ ለእኛም የሚተርፍ ትምህርት አለ። በክረምት በመረሬ አፈር ላይ የሚነዳ የአገራችን ሾፌር የሚታገለው ከዚሁ ሕግ ጋር ነው። ጭቃውም ያዳልጣል፤ ጭቃውም ያሰምጣል፤ ሰንሰለትም በጭቃ ላይ ይነክሳል። በዚያም ሆነ በዚህ አስተዋይ ሾፌር ከመነሣቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል፤ ከሥሬ ያለው ምንድር ነው? ብነሣ እንዴት እቆማለሁ? ብሄድ እንዴት እመለሳለሁ? ወላጆች ሆይ፣ በብርድ አገር መሪ የጨበጠ ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ ስለ ሰንሰለቱ ስትጠይቁት ይህን ሦስተኛውን ጥያቄ አትርሱበት። መኪና የሚመሰገነው በመውጣቱ ብቻ ሳይሆን ሰውን በደህና መልሶ በማምጣቱ ነውና።